በሚሊተሪ ስኮላርሺፕ ሕክምና የተማርኩባቸው ዓመታት ለብድር ስረዛ ይቆጠሩልኛል?

ምክትል_መቶ_አለቃ | ጃንዋሪ 17፣ 2026

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የሕክምና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሜይ ላይ እመረቃለሁ። የምማረው ኤችፒኤስፒ በሚባለው የሚሊተሪ ስኮላርሺፕ፣ በአርሚ በኩል ነው። ለማያውቀው፦ ሚሊተሪው የትምህርት ክፍያውንና የመጽሐፉን ይሸፍናል። በየወሩም ከ2,000 ዶላር በላይ መተዳደሪያ ይሰጣል። ተማሪው ደግሞ ሲጨርስ በተከፈለለት ዓመት ልክ በሐኪምነት ያገለግላል። በትምህርት ላይ እያለን በዓመት 45 ቀን ብቻ በሙሉ ደመወዝ ሥራ ላይ እንሆናለን። በቀረው ጊዜ እንደማንኛውም ተማሪ ነን።

እኔ ስኮላርሺፑን ያገኘሁት ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ነው። ሕክምና ስገባ ዜግነቴ ገና አልወጣም ነበር። ያለ አሜሪካ ዜግነት ደግሞ አይወስዱም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት በግሪን ካርድ፣ በፌዴራል ብድር ተማርኩ። የባችለሩ 27,000፣ የሕክምናው 68,000 ዶላር ነው። ወለዱ ተደምሮ አሁን 115,000 አካባቢ ደርሷል። ሌሊት ብንን ስል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይሄ ቁጥር ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አንተ እኮ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ መኮንን ነህ፤ ሦስቱ ዓመት ለፒኤስኤልኤፍ ይቆጠርልሃል» አለኝ። ፒኤስኤልኤፍ ያው ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት 10 ዓመት ለሠራ ሰው ቀሪውን ብድር የሚሰርዘው ፕሮግራም ነው። እውነት ነው? ሦስት ዓመት በእጄ ካለ ዕቅዴ በሙሉ ይቀየራል። ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የሐኪም ሥልጠና፣ በውስጥ ደዌ ሳን አንቶኒዮ ደርሶኛል። ጁን ላይ እገባለሁ።

አራዳ_ሜዲክ | ጃንዋሪ 17

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! በእኔ አስተያየት ይቆጠራል። መታወቂያ ይዘሃል፣ ማዕረግ አለህ፣ ደብሊው 2 የሚባለው የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ወረቀት የሚመጣልህም ከሚሊተሪው ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ማለት ይኸው ነው። ፎርሙን ሞልተህ አስገባ።

ሻለቃ_ዶክተር | ጃንዋሪ 18

ወንድሜ አራዳ ሜዲክ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ። ግን ትክክል አይደለም። ልጁ በዚህ ተማምኖ እንዳይቀመጥ ላርመው።

እኔም በኤችፒኤስፒ ነው የተማርኩት። የኔ ብድር በ2024 ተሰርዟል። ስለዚህ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ።

ሕጉ የወጣው በ2007 ነው። 120 ወር የተቆጠረ ክፍያ ይፈልጋል። አንድ ወር እንዲቆጠር ደግሞ በዚያ ወር ውስጥ ነገሮቹ ሁሉ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ብድሩ «ዳይሬክት ሎን»፣ ማለትም በቀጥታ ከፌዴራል መንግሥቱ የተወሰደ መሆን አለበት። አሠሪህ መንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሆን አለበት፤ ሚሊተሪው መንግሥት ስለሆነ ይገባል። ሥራው የሙሉ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት። በመጨረሻም ብድሩ መክፈያ ጊዜው ላይ መሆንና አንተም በሚታወቅ የአከፋፈል ፕላን መክፈል አለብህ። አንዷ ከጎደለች ወሩ ዜሮ ነው።

አሁን ያንተን እንየው። ትምህርት ላይ ሳለህ የተመዘገብከው በሪዘርቭ፣ በተጠባባቂው ጦር ነው። ማዕረጉ አለህ፣ የሙሉ ሰዓት ሥራ ግን የለህም። 45 ቀኑ ሥራ ነው፤ ግን በዚያን ጊዜም ብድርህ «ኢን ስኩል ዲፈርመንት» ውስጥ ነበር፣ ማለትም ተማሪ ስለሆንክ ክፍያው ቆሞልህ ነበር። በዚህ ምክንያት የቆመ ወር አይቆጠርም። በኋላ ከፍዬ ላስቆጥር ብትልም አይሆንም። ስለዚህ ከሦስቱ ዓመት አንድም ወር የለህም። ይህን ስጽፍልህ እኔም ይከብደኛል፤ አሁን መስማትህ ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ከመስማት ይሻላል።

ደስ የሚለው ከጁን ጀምሮ ያለው ነው። ሬዚደንሲ ስትገባ ሻምበል ሆነህ በሙሉ ሰዓት ሥራ ላይ ነህ። ሬዚደንሲው የስኮላርሺፑን የአገልግሎት ግዴታ አይቀንስልህም። ለፒኤስኤልኤፍ ግን እያንዳንዱ ወር ይቆጠራል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ቆጠራዎች ያምታታል። የሚሊተሪው መዝገብ ሌላ ነው፣ የብድሩ መዝገብ ሌላ ነው።

ያንተን ላስላልህ። ሬዚደንሲ 3 ዓመት። የሦስት ዓመት ስኮላርሺፕ ስለሆነ ግዴታህ ሌላ 3 ዓመት። ድምር 72 ወር። ከሚሊተሪው በክብር ስትወጣ 48 ወር ይቀርሃል። ያንን ቪኤ በሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ወይም ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ውስጥ ትጨርሰዋለህ። አሠሪው አንድ መሆን የለበትም። ወራቱም ተከታታይ መሆን የለባቸውም።

አራዳ_ሜዲክ | ጃንዋሪ 18

ሻለቃ ተምሬያለሁ፣ ይቅርታ። እኔ የሠራሁት በተራ ወታደርነት፣ በሙሉ ሰዓት ነበር። የተማሪውም እንደዚያ መስሎኝ ነው።

ምክትል_መቶ_አለቃ | ጃንዋሪ 18

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ሳነበው ሆዴ ባባ። ግን ሁለተኛ ሳነበው 72 ወሩን አየሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በሬዚደንት ደመወዝ ወርኃዊው ክፍያ ስንት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ከተመረቅሁ በኋላ የ6 ወር እፎይታ አለ ይባላል። ያም ይቆጠራል?

ታክስ_ሠራተኛው | ጃንዋሪ 18

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። በሜሪላንድ ለብዙ ሐበሻ ወታደሮችና ነርሶች ታክስ እሠራለሁ።

ክፍያው የሚሰላው ከገቢህ ነው። ገቢህ የሚታየው ደግሞ ካለፈው ታክስ ሪተርን ላይ ነው። ጁን ላይ ሻምበል ብትሆንም የ2025 ሪተርንህ የተማሪ ሪተርን ነው፤ ወርኃዊው መተዳደሪያና የ45 ቀኑ ደመወዝ ብቻ ነው ያለበት። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያህ ትንሽ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢህ 33,475 ዶላር ነው እንበል። አይቢአር በሚባለው ፕላን፣ ከጁላይ 2014 ወዲህ መጀመሪያ ለተበደረ ሰው፣ ከድህነት መስመሩ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካለው ገቢ ላይ 10 በመቶ ይወሰዳል። የ2025 መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነው። አንድ ተኩል እጥፉ 23,475። ልዩነቱ 10,000። አሥር በመቶው 1,000፣ በወር 83 ዶላር። ብድሩ 115,000 ቢሆንም የሚቆጠር ክፍያህ 83 ዶላር ነው።

ሌላ ሰው የማያየው ነገር አለ። ሚሊተሪው ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚሰጠው አበል ታክስ አይከፈልበትም። ሪተርኑ ላይም አይገባም። ስለዚህ አንድ የሲቪል ሐኪምና አንድ የሚሊተሪ ሐኪም ኪሳቸው የሚገባው እኩል ቢሆን፣ የወታደሩ ወርኃዊ የብድር ክፍያ ያንሳል። በመጨረሻ በፒኤስኤልኤፍ የሚሰረዘው ገንዘብም የፌዴራል ታክስ የለበትም።

ካገባህ ደግሞ ሳትፈርም በፊት አንድ ጊዜ ደውልልኝ የምልህ ለዚህ ነው፦ ሚስትህ የምትሠራ ከሆነ ሪተርኑን ለየብቻ ማስገባት ክፍያውን ሊቀንስ ይችላል፤ በታክሱ በኩል ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱን አስልቶ ማየት ነው።

ሻለቃ_ዶክተር | ጃንዋሪ 19

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፦ የ6 ወሩ እፎይታ አይቆጠርም። ለባችለሩ ብድር እፎይታውን ቀድመህ ከጨረስከው እሱ ቀጥታ ወደ ክፍያ ይገባል። የሕክምናው ግን ገና አለው።

ድሮ ቢሆን ምክሬ አንድ ነበር። እንደተመረቅህ ብድሮቹን ኮንሶሊዴት አድርግ፣ ማለትም በአንድ አዲስ ብድር ጠቅልላቸው፣ እፎይታው ይቀራል፣ ቆጠራው ቶሎ ይጀምራል እልህ ነበር። ዘንድሮ ግን ጁላይ 1 ቀን 2026 የሚባል ግድግዳ አለ። ባለፈው ጁላይ የፀደቀው ሕግ የአከፋፈል ፕላኖቹን ለዋውጧቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚወጣ አዲስ ብድር አይቢአር ይዘጋል። በገቢ ልክ የሚቀረው ራፕ የሚባለው አዲሱ ፕላን ብቻ ነው። ኮንሶሊዴሽን ደግሞ እንደ አዲስ ብድር ነው የሚታየው።

ራፕም ለፒኤስኤልኤፍ ይቆጠራል። አትደንግጥ። ታክስ ሠራተኛው ባነሳው 33,475 ላይ ራፕ 3 በመቶ ነው የሚወስደው፤ በወር 84 ዶላር ገደማ። አንድ ዶላር ነው ልዩነቱ። ነገሩ የሚለየው በኋላ ነው። ራፕ ገቢህ ከ100,000 ሲያልፍ ከጠቅላላው 10 በመቶ ይወስዳል፣ ጣሪያም የለውም። አይቢአር ግን በ10 ዓመት ከሚያልቀው መደበኛ ክፍያ በላይ አይወጣም። ሐኪም ሆነህ ከሚሊተሪ ስትወጣ ገቢህ የት እንደሚደርስ አስበው።

እኔ ብሆን በተመረቅሁበት ሳምንት ኮንሶሊዴሽኑን አስገባለሁ። ከጁላይ 1 በፊት የሚያልቅ ካልመሰለኝ ግን ማመልከቻውን ሰርዤ እፎይታው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ስድስት ወር አጣለሁ፣ አይቢአርን ግን አላጣም። የሐኪም ገቢ ለሚጠብቀው ሰው ይሄ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ሴቭ የሚባለውን ፕላን አታስበው፤ በፍርድ ቤት ታግዶ በውስጡ የቆሙ ሰዎች ወራቸው ሳይቆጠር ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ከራሴ ሕይወት ልጨምር። ሬዚደንሲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ብድር ሰብሳቢው ድርጅት ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። 36 ሰዓት አካባቢ ሳልተኛ ነው የደወልኩት፤ ቆሜ፣ የሕሙማን ሊፍት አጠገብ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ። ልጅቷ በጣም ትሁት ነበረች። «ዶክተር፣ ሥራ በዝቶብዎታል፣ ክፍያውን ላቆምልዎት?» አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ አልኳት። ያቆመችልኝ በተራ ፎርቤረንስ ነበር፣ ለፒኤስኤልኤፍ በማይቆጠር ማቆሚያ። 9 ወር ሄደ። ክፍያዬ ያኔ በወር መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ያን 9 ወር በመጨረሻ ባይባክ በሚባለው መንገድ ከፍዬ አስቆጠርኩት፤ ግን ስንት ደብዳቤ፣ ስንት መጠበቅ። «ላቁምልህ» የሚል ሰው ሲመጣ «በምን ዓይነት? ለፒኤስኤልኤፍ ይቆጠራል?» በል። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

እንዳጋነንኩ እንዳይመስልህ። ጂኤኦ የሚባለው የኮንግረስ ኦዲተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ ከመከላከያው ሠራተኞች ብድራቸው የተሰረዘላቸው 287 ብቻ ነበሩ። የተከለከሉት 5,180። ከመቶው 94 ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች አገልግሎታቸው ጎድሎ አልነበረም፤ ብዙዎቹ የወደቁት ወራቸው ባለመሙላቱ፣ በፎርም ጉድለትና በብድር ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም የአሠሪ ማረጋገጫ ፎርምህን በየዓመቱ አስገባ። አሥር ዓመት አጠራቅመህ አንድ ቀን አታስገባ።

ቤቴስዳ_ተማሪ | ጃንዋሪ 19

ለሚያነቡ ሌሎች ልጆች ልጨምር። እኔ የምማረው ቤቴስዳ ባለው የሚሊተሪው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኛ ከኤችፒኤስፒ ይለያል። አራቱንም ዓመት በሙሉ ሰዓት ሥራ ላይ ያለን መኮንኖች ነን፣ ሙሉ ደመወዝ እንቀበላለን። ግዴታውም 7 ዓመት ነው። የባችለር ብድር ያለብን ልጆች ተማሪ ስለሆንን ብድሩ በራሱ ይቆማል። የሚቆጠረው ያንን ማቆሚያ አስነስተን ስንከፍል ነው። እኔ የገባሁ ሰሞን ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አንድ ዓመት አለፈኝ። ደውዬ አስነሳሁት፣ አሁን በወር ትንሽ እየከፈልኩ ነው።

ሻለቃ_ዶክተር | ጃንዋሪ 19

ጎበዝ እህቴ። የኤችፒኤስፒ ልጆች ከእነሱ ጋር አንድ አይደለንም የምለው ለዚህ ነው።

ሪዘርቭ_ነርስ | ጃንዋሪ 20

እኔ ነርስ ነኝ፣ አርሚ ሪዘርቭ። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ። መደበኛ ሥራዬ የግል፣ ለትርፍ የቆመ ሆስፒታል ነበር። ሪዘርቭ ስለሆንኩ ይቆጠርልኛል ብዬ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። አልተቆጠረም። ቅዳሜና እሑዱ ሙሉ ሰዓት አይደለም፣ ሆስፒታሉም አይገባም። አሁን ካውንቲው ሆስፒታል ገብቻለሁ። በሰዓት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የከፈለኝ፣ ግን ወሩ ይቆጠራል።

ሚሊተሪው ደግሞ ለጤና ባለሙያ ብድር የሚከፍልበት ሌላ ፕሮግራም አለው። ይሄ ስኮላርሺፕ አይደለም፤ ተምሮ ለጨረሰ ነው። በሙሉ ሰዓት ላሉት በዓመት እስከ 40,000 ዶላር ድረስ ነው፣ ታክስ ተቆርጦ። ገንዘቡን ለኛ አይሰጡንም፣ ቀጥታ ለብድር ሰብሳቢው ነው የሚልኩት። በአንድ ጊዜ የመጣውን ክፍያ እስከ 12 ወር ድረስ አድርገው ይቆጥሩታል። ግን ያኔም የሙሉ ሰዓት ሥራሽ የሚገባ አሠሪ ጋ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቢ የቱ እንደሚጠቅምሽ አስሊው። ብድሩ ትንሽ ከሆነ ቶሎ ተከፍሎ ያልቃል፣ የሚሰረዝ አይተርፍም።

ከፕሮግራሙ_የወጣሁ | ጃንዋሪ 20

እኔ ይህን መጻፍ አስቤ አስቤ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከኤችፒኤስፒ ወጥቻለሁ። ፈተና ደጋግሜ ወደቅሁ፣ ትምህርት ቤቱ አሰናበተኝ። ሚሊተሪው የከፈለልኝን መልስ አለኝ። ከወለዱ ጋር።

መጀመሪያ ያሰብኩት «ይሄም የፌዴራል ዕዳ ነው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በፒኤስኤልኤፍ አሰርዘዋለሁ» ነበር። አይሆንም። ያ ዕዳ ዳይሬክት ሎን አይደለም። ኮንሶሊዴት ልታደርገውም አትችልም። የሚከፈለው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ዕዳ ነው። ሌላው፣ ከራሴ የወሰድኩት የባችለር ብድር ግን ይገባል፤ አሁን የምሠራው የከተማ አስተዳደር ውስጥ ስለሆነ እየተቆጠረ ነው። ሁለቱን ለይቼ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ስኮላርሺፑን ለመፈረም የምታስቡ ልጆች ውሉ ውስጥ «ብትወጣስ» የሚለውን አንቀጽ ከፊርማው በፊት አንብቡት። እኔ አላነበብኩትም።

ምክትል_መቶ_አለቃ | ጃንዋሪ 20

ወንድሜ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። የክፍሌ ሁለት ልጆች በዚህ መንገድ ሄደዋል። እግዚአብሔር ያበርታህ።

የጥርስ_ሐኪሟ_እናት | ጃንዋሪ 24

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። አማርኛችሁ ደስ ብሎኝ ሁሉንም አነበብኩ። የኔ ልጅ በኔቪ የጥርስ ሐኪም ናት። እሷም በዚሁ ስኮላርሺፕ ነው የተማረችው። ሥራ ከገባች በጁን ሁለት ዓመቷ።

የኔ ጥያቄ ስለ ኮሌጁ ብድር ነው። በባችለር ጊዜ የጎደለውን እኔ ሞልቼ ነበር፣ ፓረንት ፕላስ በሚሉት ለወላጅ በሚሰጥ የፌዴራል ብድር። 42,000 ዶላር ቀርቶብኛል። ልጄ ወታደር ስለሆነች ይሰረዛል ብላ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ይህን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ወረቀቶቹን አወጣሁ። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው፣ ከመርፌና ከክሩ ጋር። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ሁሉም ላይ ያለው የኔ ስም ነው። የልጄ ስም የትም የለም። በወር 488 ዶላር እከፍላለሁ። እኔ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ የማታ ፈረቃ።

ታክስ_ሠራተኛው | ጃንዋሪ 24

እትዬ ይቅርታ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚሠሩበት ሆስፒታል ለትርፍ የቆመ ነው ወይስ አይደለም? በሳምንትስ ስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት?

የጥርስ_ሐኪሟ_እናት | ጃንዋሪ 24

አርባ ሰዓት ነው ልጄ። 11 ዓመት ሆኖኛል። ሆስፒታሉ የቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ፣ ለትርፍ አይደለም።

ሻለቃ_ዶክተር | ጃንዋሪ 24

እትዬ፣ ይህን በደንብ ያንብቡልኝ። ወረቀቱን ያወጡት በጊዜው ነው።

ፓረንት ፕላስ የእርስዎ ብድር ነው። ልጅዎ መቶ ዓመት ብታገለግል ለዚያ ብድር አንድ ወር አይቆጠርም። የሚታየው ስሙ ያለበት ሰው ሥራ ነው። እርስዎ ደግሞ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል በሙሉ ሰዓት ይሠራሉ። ለፒኤስኤልኤፍ የሚገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሐኪም መሆን የለብዎትም፣ ወታደርም መሆን የለብዎትም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ጽዳቱም፣ ወጥ ቤቱም እኩል ነው።

ሁለት ሥራ አለብዎት። አንደኛው የአሠሪ ማረጋገጫ ፎርሙ ነው። የሆስፒታሉ የመለያ ቁጥር ደብሊው 2 ላይ አለ። እሱን ይዘው የፌዴራሉ የተማሪዎች ብድር ድረ ገጽ ላይ ይሞላሉ፤ የሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ይፈርማል። ምን ያህል ወር እንዳለዎት ያኔ ይታወቃል። ልጅዎ ኮሌጅ የጨረሰችው መቼ ነው? ክፍያው እንዲቆም ጠይቀው ነበር?

የጥርስ_ሐኪሟ_እናት | ጃንዋሪ 24

በ2020 ሜይ ነው። አልጠየቅኩም። ኮቪድ ጊዜ ግን ራሳቸው አቁመውት ነበር። ከዚያ በ2023 መጨረሻ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ወር አልዘለልኩም።

ሻለቃ_ዶክተር | ጃንዋሪ 25

እትዬ፣ የኮቪዱ ጊዜ ሳይከፍሉም ይቆጠራል፤ በሥራ ላይ ከነበሩ። ያኔ ሁላችንም በየቤታችን ስንዘጋ እርስዎ የሆስፒታል ክፍል እያጸዱ ነበር። ከዚያ በኋላ በመደበኛው የ10 ዓመት ፕላን የከፈሉትም ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሥራ የሚቸኩለው ነው። ፓረንት ፕላስ እንዳለ በገቢ ልክ አይከፈልም። መጀመሪያ ኮንሶሊዴት መደረግ አለበት፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 በፊትም ተጠናቆ ማለቅ አለበት። ካለፈ ያ በር ለፓረንት ፕላስ ይዘጋል። ከዚያ አይሲአር የሚባለው፣ በገቢ ልክ የሚከፈልበት ፕላን ውስጥ ይገባሉ። አንድ ክፍያ ከከፈሉ በኋላ ወደ አይቢአር መዛወር ይቻላል። የቆጠራው ወር በኮንሶሊዴሽን አይጠፋም። ማመልከቻውን እስከ ሚያዝያ አይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ያስገቡት። ሌላ ታናሽ ልጅ ካለ ደግሞ ከጁላይ በኋላ አዲስ ፓረንት ፕላስ እንዳይፈርሙ፤ አሮጌውንም ያበላሽብዎታል።

የጥርስ_ሐኪሟ_እናት | ጃንዋሪ 25

ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንግዲህ። ተባረኩ። ነገ ከፈረቃዬ ስወጣ ሰው ኃይል ክፍሉ ሲከፈት እጠብቃቸዋለሁ።

ሪዘርቭ_ነርስ | ጃንዋሪ 25

እማማ የት ነው ያሉት? አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሆኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮምፒውተር ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንሞላዋለን።

ምክትል_መቶ_አለቃ | ፌብሩዋሪ 8

ወደ ራሴ ልመለስና ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ብድሮቼን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። ሰባት ናቸው። ሁሉም ዳይሬክት ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ የግል ድርጅት «ወለድህን እንቀንስልህ» ብሎ በደብዳቤ መጥቶ ነበር። ቀደም ብሎ ቢሆን እፈርም ነበር። ወደ ግል ብድር ከተቀየረ ለፒኤስኤልኤፍ ለዘለዓለም ያልቃል፣ ስለዚህ ቀደድኩት።

የ2025 ታክሴን አስገባሁ። ኮንሶሊዴሽኑን በተመረቅሁበት ሳምንት ለማስገባት ቀን ይዣለሁ። ጋሼ እንዳሉት ካልደረሰ እሰርዘዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር ወለዱ ነው። ሚሊተሪ ስንገባ 6 በመቶ ላይ ይቆማል ይላሉ?

ሻለቃ_ዶክተር | ፌብሩዋሪ 8

አዎ። ከሙሉ ሰዓት አገልግሎት በፊት የተወሰደ ብድር በአገልግሎት ላይ ሳለህ ከ6 በመቶ በላይ ወለድ አይከፈልበትም። ሕጉ የፌዴራል ተማሪ ብድርንም ከ2008 ጀምሮ ይሸፍናል። ብድር ሰብሳቢዎቹ መዝገቡን አይተው በራሳቸው ማድረግ አለባቸው። አንተ ግን የአገልግሎት ትዕዛዝህን ኮፒ ላክላቸው። ግን ልብ በል፦ አገልግሎት ከጀመርክ በኋላ ኮንሶሊዴት ካደረግህ አዲስ ብድር ስለሚሆን ይህ ጥበቃ ሊቀርብህ ይችላል። ከጁን በፊት እንዲያልቅልህ የምጎተጉትህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሳን አንቶኒዮ ደህና ሆስፒታል ነው። ወደፊት ከሚሊተሪ ወጥተህ ቴክሳስ ልትቀር ብትፈልግም አትፍራ። እዚያ ሕጉ ሆስፒታሎች ሐኪምን ቀጥታ እንዳይቀጥሩ ስለሚከለክል ድሮ የቴክሳስ ሐኪሞች ለፒኤስኤልኤፍ ይቸገሩ ነበር። ከጁላይ 2023 ወዲህ ተስተካክሏል።

ከፕሮግራሙ_የወጣሁ | ፌብሩዋሪ 9

የኔ ቆጠራ ትናንት ታደሰ። 31 ወር። ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

አራዳ_ሜዲክ | ፌብሩዋሪ 9

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ!

የጥርስ_ሐኪሟ_እናት | ፌብሩዋሪ 28

ልጆቼ፣ ነርሷ ልጄ እሑድ መጥታ አብረን ሞላነው። ኮንሶሊዴሽኑም ገብቷል። ሰው ኃይል ያለችው ሴትዮ በሁለት ቀን ፈረመች። ዛሬ ጠዋት ከሥራ መልስ ከፍቼ አየሁት። 69 ይላል። ከ120ው 69። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ ደግሜ አየሁት።

ለልጄ ደወልኩላት። ሳን ዲዬጎ ገና አልነጋም ነበር፣ ቀሰቀስኳት። የሷ 20 ደርሷል። «እማዬ፣ አንቺ ከኔ ቀድመሽ ትጨርሻለሽ» አለችኝ።